የ70 ዓመት ሊዝ፣ የ5 ዓመት ወንበር
የጂንካ ነጋዴ «ድጋሚ ምረጡኝ» የሚለውን የከተማ ምክር ቤት አባል በምን ይመዝነው?

ጂንካ ላይ ቅዳሜ ገበያ የወጣ ሰው የሁሉንም ነገር ዋጋ ጠይቆ ማወቅ ይችላል። ከአሪ ደጋ የወረደው ኮረሪማና ቡና በስንት እንደዋለ፣ ከቆላ የተነዳው ወይፈን ስንት እንዳወጣ፣ ማሩ፣ ማሽላው፣ ቆርቆሮው ካለፈው ሳምንት ጨምሮ ወይም ቀንሶ እንደሆነ ደላላው ይነግረዋል። ሐሙስ ቀይ አፈር፣ ሰኞ ቱርሚ የዋለ ነጋዴ ደግሞ ያንኑ ዋጋ ከሌላው ገበያ ጋር አስተያይቶ ትርፉን ያሰላል። ዋጋ ያልወጣለት አንድ ነገር ግን አለ። እሱም የከተማው ምክር ቤት አባል የተቀመጠበት ወንበር ነው።

ወንበሩ ለጨረታ ይቅረብ ማለታችን አይደለም። በዚያ ወንበር የተቀመጠ ሰው እጁን ባወጣና ባላወጣ ቁጥር የነጋዴው ወጪ ይጨምራል ወይም ይቀንሳል ማለታችን ነው። የመደብ ኪራይ፣ የገበያ ቦታ ሽግሽግ፣ የቦታ ጨረታ፣ የግንባታ ፈቃድ፣ የመንገድና የውሃ ሥራ ዞሮ ዞሮ የሚያርፈው በዚሁ ምክር ቤት ደጃፍ ነው። ነጋዴው ግን ስለ ዶላርና ስለ ነዳጅ የሚያነሳውን ያህል ስለዚህ ወንበር ሲያነሳ አይሰማም።

ስለ ወንበሩ አለመነጋገሩ ምክንያት አለው። የጂንካ ነዋሪ የከተማውን ምክር ቤት አባል «ድጋሚ ይሁን ወይስ ይብቃህ?» ብሎ በኮሮጆ ከጠየቀ ቆይቷል።

ለመሆኑ መቼ ተመረጠ?

እንደሚታወቀው በአገራችን ሁለት ዓይነት ምርጫ አለ። አንደኛው የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤትና የክልል ምክር ቤት አባላት የሚመረጡበት ጠቅላላ ምርጫ ነው። ሁለተኛው የዞን፣ የወረዳ፣ የከተማና የቀበሌ ምክር ቤቶች የሚመረጡበት የአካባቢ ምርጫ ነው። ነጋዴውን በየቀኑ የሚነካው ሁለተኛው ሆኖ ሳለ ጋዜጦች ሰፊ ቦታ የሚሰጡት ለመጀመሪያው ነው።

የአካባቢ ምርጫ ሚያዝያ 5 እና 12 ቀን 2000 ዓ.ም. ተካሄደ። ቀጣዩ ሚያዝያ 6 እና 13 ቀን 2005 ዓ.ም. ሆነ። በዚህ በሁለተኛው ምርጫ 33 ተቃዋሚ ፓርቲዎች ራሳቸውን አግልለው ነበር። በመላ አገሪቱ ከነበረው 3.6 ሚሊዮን ያህል የምክር ቤት ወንበር ኢሕአዴግና አጋሮቹ ያልያዙት በጣት የሚቆጠር ነበር። የጂንካ ከተማ ምክር ቤትም በዚሁ ዙር ከተመረጡት አንዱ ነው።

የአምስት ዓመቱ የሥራ ዘመን በ2010 ዓ.ም. ሞላ። በዚያ ዓመት ሊካሄድ የነበረው ምርጫ ተራዘመ። ከዚያ በኋላም በጸጥታ፣ በለውጡ ግርግርና በሌሎች ምክንያቶች የአካባቢ ምርጫ ሳይካሄድ ዓመታት ነጎዱ።

በእነዚህ ዓመታት ውስጥ የተለወጠውን ነገር እንቁጠር። የ2005ቱን እጩዎች ያቀረበው ኢሕአዴግ በ2012 ዓ.ም. ፈርሶ በብልጽግና ፓርቲ ተተካ። ምርጫው የተካሄደበት አዋጅ ቁጥር 532/1999 በአዋጅ ቁጥር 1162/2011 ተሻረ። ከተማዋ የነበረችበት የደቡብ ብሔሮች፣ ብሔረሰቦችና ሕዝቦች ክልልም ተከፋፍሎ ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ ጂንካ በደቡብ ኢትዮጵያ ክልል ሥር ሆናለች። እጩውን ያቀረበው ፓርቲ የለም፣ የተመረጠበት ሕግ የለም፣ ያኔ የነበረበት ክልል የለም፤ ወንበሩ ግን አለ።

ሕዝቡ ኮሮጆ አያውቅም እንዳይባል በመካከሉ ድምፅ ሰጥቷል። ሰኔ 14 ቀን 2013 ዓ.ም. ስድስተኛው ጠቅላላ ምርጫ ተካሂዷል። ጥር 29 ቀን 2015 ዓ.ም. ደግሞ ደቡብ ኦሞን ጨምሮ ስድስት ዞኖችና አምስት ልዩ ወረዳዎች በአዲስ ክልል ለመደራጀት ሕዝበ ውሳኔ ሰጥተዋል። በሌላ አነጋገር የጂንካ ሰው በየትኛው ክልል ልተዳደር የሚለውን ትልቁን ጥያቄ ተጠይቋል። የገበያው ፍሳሽ ለምን አልተጠረገም ብሎ የሚጠይቀውን ሰው ምረጥ ግን አልተባለም። ሰባተኛው ጠቅላላ ምርጫም ቢሆን የተወካዮችና የክልል ምክር ቤት ወንበሮችን የሚመለከት እንጂ በስሙ እንደሚገለጸው የአካባቢ ምርጫ አይደለም።

ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 38 ማንኛውም ኢትዮጵያዊ በማናቸውም የመንግሥት ደረጃ በየጊዜው በሚካሄድ ምርጫ የመምረጥና የመመረጥ መብት እንዳለው ይደነግጋል። በአንቀጽ 50 ንዑስ አንቀጽ 4 ደግሞ ሕዝቡ በቀጥታ ይሳተፍ ዘንድ ለዝቅተኛው የአስተዳደር እርከን በቂ ሥልጣን ይሰጥ ይላል። የመጀመሪያው የኮሮጆውን ቀን፣ ሁለተኛው የወንበሩን ክብደት ይናገራል።

ወንበሩ ምን ይዟል?

የከተማ ምክር ቤት ከንቲባውን ይሾማል፣ በጀቱን ያጸድቃል፣ የአስተዳደሩን ሪፖርት ሰምቶ ይጠይቃል። ይህ በወረቀት ላይ ያለው ነው። በተግባር ነጋዴውን የሚነኩት ሦስት ነገሮች ናቸው።

የመጀመሪያው የማዘጋጃ ቤት ገቢ ነው። ከተማ የሚተዳደረው ከላይ በሚላክለት ድጎማና ራሱ በሚሰበስበው ገንዘብ ነው። ራሱ የሚሰበስበው ከሊዝ፣ ከቦታና ከቤት ኪራይ፣ ከገበያ መደብ፣ ከቁም ከብት ገበያ፣ ከቄራና ከልዩ ልዩ የአገልግሎት ክፍያ ነው። ይህ ገንዘብ ከማን ኪስ ወጣ ቢባል መልሱ በአመዛኙ ከነጋዴው ነው።

ሁለተኛው መሬት ነው። መሬት የመንግሥትና የሕዝብ በሆነበት አገር ነጋዴው የሚገዛው መሬቱን ሳይሆን የመጠቀም ጊዜውን ነው። ሻጩም፣ ደንብ አውጪውም፣ ተቆጣጣሪውም አንዱ አስተዳደር ነው። አስተዳደሩን መጠየቅ የሚችል ከከተማው ሳይርቅ ያለ አካል ምክር ቤቱ ብቻ ነው።

ሦስተኛው ጊዜ ነው። የፈቃድ፣ የካርታና የመስመር ጉዳይ ምን ያህል ቀን ይፈጃል የሚለው ጥያቄ በታሪፍ ላይ አይጻፍም። የሚከፈለው ግን በጥሬ ገንዘብ ነው።

ይህንን በቁጥር እንየው። ቁጥሩ ለምሳሌ የተወሰደ እንጂ የጂንካ የጨረታ ውጤት አይደለም። አንድ ባለሀብት 200 ካሬ ሜትር የንግድ ቦታ በካሬ 2,000 ብር ቢያሸንፍ ጠቅላላ ዋጋው 400,000 ብር ነው። በ2004 ዓ.ም. የወጣው የከተማ ቦታ ሊዝ አዋጅ ቁጥር 721 ቅድሚያ ክፍያው ከአሥር በመቶ እንዳያንስ ይላል፤ ስለዚህ 40,000 ብር ከፍሎ ይጀምራል። ለግንባታው 3 ሚሊዮን ብር በ15 በመቶ ወለድ ቢበደር ገንዘቡ ሥራ ላይ ሳይውል የሚቆይበት እያንዳንዱ ወር 37,500 ብር ወለድ ያስከፍለዋል። እንግዲህ ብድሩ እጁ ከገባ በኋላ የአንድ ወር የፈቃድ መጓተት ከሊዙ ቅድሚያ ክፍያ ጋር ሊተካከል የቀረው 2,500 ብር ብቻ ነው። ሁለት ወር ከተጓተተ አልፎት ሄደ።

ነጋዴው በጨረታ ላይ በካሬ ሃምሳ ብር ለመቀነስ ሌሊቱን ሲያሰላ ያድራል። በፈቃድ መጓተት የሚያጣውን ግን «ምን ይደረግ» ብሎ ያልፈዋል። ያንን መጓተት በሸንጎ አንስቶ ኃላፊውን ማፋጠጥ የማን ሥራ ነው? የዚያ የምክር ቤት አባል ነው።

አንድ ውል፣ አሥራ አራት ምክር ቤት

የሊዝ አዋጁ ሌላም ነገር ያስታውሰናል። ከአዲስ አበባ ውጭ ባሉ ከተሞች የንግድ ቦታ ሊዝ እስከ 70 ዓመት፣ የኢንዱስትሪ ቦታ እስከ 80 ዓመት ነው። አዲስ አበባ ላይ ለንግድ 60፣ ለኢንዱስትሪ 70 ነው። የምክር ቤት የሥራ ዘመን አምስት ዓመት ከሆነ የጂንካ ነጋዴ የፈረመው የ70 ዓመት ውል አሥራ አራት ምክር ቤቶችን ያሳልፋል ማለት ነው። ውሉን የሚፈርመው አባት፣ የሚያስፈጽመው የልጅ ልጅ ይሆናል።

እንዲህ ያለ ረጅም ውል የሚገባ ሰው የሚፈልገው ምንድን ነው? ቋሚ ባለሥልጣን ነው የሚሉ አሉ። «የምናውቀው ይሻላል፤ አዲስ ከመጣ እንደገና ትውውቅ ነው» የሚለው አስተያየት በነጋዴው ዘንድ የተለመደ ነው። ከላይ ሲያዩት እውነት ይመስላል። ነገር ግን ሰውየውን ማወቅና ደንቡን ማወቅ የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ትውውቅ የሚገዛው አንዱ ነጋዴ ነው፤ ደንብ የሚጠብቀው ሁሉንም ነው። ትውውቅ ሹመኛው ሲዛወር አብሮ ይዛወራል። በአገራችን እንደተለመደው ደግሞ ከንቲባና የጽሕፈት ቤት ኃላፊ የሚዛወረው በኮሮጆ ሳይሆን በፓርቲ ምደባ ስለሆነ መቼ እንደሚሄድ ነጋዴው አስቀድሞ ሊያውቅ አይችልም። የታወቀ የምርጫ ቀን ቢኖር ግን ለውጡ የሚመጣበትን ወር አስቀድሞ ያውቅና ይዘጋጅበታል። ቀኑ የማይታወቅ ለውጥ ለንግድ ትልቁ አደጋ ነው።

ድጋሚ የመመረጥ ፍላጎት ምን ይሠራል?

«ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚለው ተረታችን ስለ ሹመት የጻፈው የኢኮኖሚክስ ምዕራፍ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ተሿሚው ነገ የሚጠይቀው ከሌለ ዛሬን ይበላባታል ማለት ነው። ተረቱ ያልነገረን ግን ነገ የሚጠይቅ ቢኖርስ ምን ያደርጋል የሚለውን ነው።

ይህንን ብራዚል ላይ የመረመሩ ሁለት የኢኮኖሚ ባለሙያዎች አሉ። የብራዚል መንግሥት ከ2003 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚመረመሩትን ማዘጋጃ ቤቶች በዕጣ እያወጣ ሒሳባቸውን ያስመረምር ነበር። ክላውዲዮ ፌራዝና ፍሬደሪኮ ፊናን የምርመራውን ውጤት ወስደው ከንቲባዎቹን ለሁለት ከፈሏቸው። አንደኞቹ የመጀመሪያ ዘመናቸው ላይ ያሉና ድጋሚ መወዳደር የሚችሉ፣ ሌሎቹ በሕጉ መሠረት ከእንግዲህ የማይወዳደሩ ናቸው። በ2011 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት ድጋሚ መመረጥ የሚችሉት ከንቲባዎች ያባከኑት የሕዝብ ገንዘብ ከማይችሉት በ27 በመቶ ያነሰ ሆኖ አገኙት። ሰዎቹ በተፈጥሯቸው ቅዱሳን ስለሆኑ አይደለም። ከፊታቸው ኮሮጆ ስላለ ነው።

ይህ ለጂንካ ምን ማለት ነው? የምክር ቤት አባል ድጋሚ ልወዳደር ማለቱ በራሱ ጥሩ ነገር ነው። «ወንበር ይወዳል» ብሎ የሚያማው ሰው ተሳስቷል። ወንበሩን የሚወድና ወንበሩ ከሕዝብ እጅ እንደሚገኝ የሚያውቅ ሰው ለነጋዴው ጥሩ ደንበኛ ነው። አስቸጋሪው ወንበሩን የሚወድ ግን ከሕዝብ እጅ እንደማይገኝ የሚያምን ሰው ነው። ከሁሉም የባሰው ደግሞ የሥራ ዘመኑ አልቆ፣ ምርጫም ሳይመጣ፣ መቼ ተነስ እንደሚባል ሳያውቅ የተቀመጠ ሰው ነው። እሱ በብራዚሉ ጥናት ከሁለቱ ወገኖች ወደየትኛው እንደሚቀርብ አንባቢ ራሱ ይፍረድ።

በሌላ በኩል ምርጫም የራሱ ወጪ እንዳለው መካድ አይገባም። አሜሪካዊው የኢኮኖሚ ሊቅ ዊልያም ኖርድሃውስ በ1975 እ.ኤ.አ. እንዳሳዩት ተመራጮች ምርጫ ሲቃረብ ወጪ ያበዛሉ፣ ካለፈ በኋላ ቀበቶ ያጠብቃሉ። ከተማ ላይ ሲወርድ ይህ ምን እንደሚመስል ነጋዴው ለመገመት አይቸገርም። ምርጫው ሲደርስ የተቆፈረው መንገድ ጠጠር ይለብሳል፣ ውዝፍ ግብር የሚጠይቅ ይጠፋል፣ ያለፈቃድ የተተከለች ኮንቴይነር ሱቅ ባላየ ትታለፋለች። ምርጫው ሲያልፍ ተከታታይ ደብዳቤ ይመጣል። ብልህ ነጋዴ በምርጫ ዋዜማ የተሰጠውን ዝምታ እንደ ፈቃድ አይቆጥረውም።

ንብረትና ድምፅ በአገራችን

በከተማ ምክር ቤትና በባለንብረቱ መካከል ያለው ጉዳይ ዛሬ የተጀመረ አይደለም። በ1937 ዓ.ም. የወጣው የማዘጋጃ ቤቶች አዋጅ ቁጥር 74 የከተማ ምክር ቤት ተመራጮች የማይንቀሳቀስ ንብረት ካላቸው ነዋሪዎች መካከል እንዲሆኑ ያዝዝ ነበር። ንብረት የሌለው ተከራይ፣ የጉልት ነጋዴና የቀን ሠራተኛ ከጨዋታው ውጭ ነበሩ።

ደርግ በ1967 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን ሲወርስ ሚዛኑ ወደ ሌላው ጫፍ ሄደ። ቀበሌ የተቋቋመው በዚሁ አዋጅ ሲሆን ትርፍ ቤት የተወረሰባቸው ሰዎች ለጊዜው ከመምረጥም ከመመረጥም ታግደው ነበር። በአንዱ ዘመን ቤት ያለው ብቻ ይመረጥ ተባለ፤ በሌላው ዘመን ቤት የነበረው አይመረጥ ተባለ።

የአሁኑ ሕግ ከሁለቱም የተሻለ ነው። 18 ዓመት የሞላው ዜጋ ባለ ፎቅ ቢሆን ባለ ጉልት ድምፁ እኩል ነው። ችግሩ ሕጉ ላይ አይደለም። እኩል የሆነው ድምፅ የሚሰጥበት ቀን አለመምጣቱ ላይ ነው።

አዲስ አበባ ያየችው

ምርጫ በእርግጥ ፉክክር ሲኖረው ምን እንደሚመስል የአዲስ አበባው የግንቦት 7 ቀን 1997 ዓ.ም. ምርጫ ያስታውሰናል። ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ በአቶ አርከበ ዕቁባይ የሚመራው ጊዜያዊ አስተዳደር መንገድ ሲዘረጋ፣ የጋራ መኖሪያ ቤቶችን ግንባታ ሲያስጀምር የከተማው ሕዝብ ያየው ነገር ነው። ይሁን እንጂ ከ138 የከተማ ምክር ቤት ወንበሮች 137ቱን ያገኘው ቅንጅት ነበር። ኢሕአዴግ የቀረችው አንዲት ወንበር ናት።

ከዚህ ሁለት ትምህርት ይወሰዳል። አንደኛው ሥራ ብቻውን ድምፅ አይገዛም፤ መራጩ ከመንገዱ ጋር ሌላም የሚመዝነው ነገር አለው። ሁለተኛውና ለነጋዴው የሚቀርበው ከምርጫው በኋላ የሆነው ነው። ያሸነፉት ምክር ቤቱን ሳይረከቡ ቀሩ። በ1998 ዓ.ም. በአቶ ብርሃነ ደሬሳ የሚመራ ባለአደራ አስተዳደር ተሰየመ። ከ2000 ዓ.ም. ምርጫ በኋላ አቶ ኩማ ደመቅሳ ከንቲባ ሆኑ። በአምስት ዓመት ግድም ውስጥ ከተማዋ ጊዜያዊ፣ ባለአደራና የተመረጠ አስተዳደር አፈራረቀች። በዚያ መካከል የሊዝ ጉዳይ የነበረው ባለሀብት «ይህንን አዲሱ አስተዳደር ይየው» ከመባል የከፋ መልስ እንደሌለ ያውቃል። ፖለቲካው ሲሰናከል ወጪው መጀመሪያ የሚወጣው ፋይሉ ከተቀመጠበት ሰው ኪስ ነው።

ከድንበሩ ማዶ

የደቡብ ኦሞ ነጋዴ ለማወዳደር አዲስ አበባ ድረስ መሄድ አያስፈልገውም። ከኦሞራቴ ወደ ደቡብ ሲሻገር የኬንያዋን ቱርካና ካውንቲ ያገኛል። በአየር ንብረትም፣ በከብት እርባታም፣ ከመሃል አገር በመራቅም ተመሳሳይ ናቸው። ቱርካና የካውንቲ ምክር ቤት አባላቷን በ2005 የካቲት፣ በ2009 ነሐሴና በ2014 ነሐሴ መርጣለች። ቀጣዩም ለ2019 ዓ.ም. ነሐሴ ቀኑ የተቆረጠ ነው። ጂንካ አንድ ጊዜ በመረጠችበት ዘመን ቱርካና ሦስት ጊዜ መርጣለች።

ይህን የምናነሳው ኬንያ ገነት ናት ለማለት አይደለም። የኬንያ ካውንቲዎች ዕቃ ላቀረቡላቸውና ሥራ ለሠሩላቸው ነጋዴዎች የሚከማችባቸው ያልተከፈለ ዕዳ የታወቀ በሽታ ነው። አዲስ ተመራጭ ሲመጣ «የቀድሞው የፈረመው ይጣራ» እያለ ክፍያ ያዘገያል። ቢሆንም ልዩነት አለ። የቱርካና አቅራቢ ዕዳውን ከነሐሴው በፊት ልሰብስብ ብሎ ያቅዳል፤ የምርጫው ቀን የንግድ ቀን መቁጠሪያው ላይ አለ። የጂንካው ነጋዴ እንዲህ ያለ ቀን የለውም።

አሁን ለምን አሳሳቢ ሆነ?

ጂንካ የትናንቷ ከተማ አይደለችም። በ1999 ዓ.ም. የሕዝብ ቆጠራ ከ20 ሺህ ጥቂት አለፍ ያለ ሕዝብ ነበራት። ያኔ ደቡብ ኦሞ ዞን ከነበረው 573 ሺህ ያህል ሕዝብ ከተሜው ከአሥር በመቶ በታች ነበር። ከዚያ ወዲህ ዩኒቨርሲቲ ተከፍቷል፣ አዲስ አውሮፕላን ማረፊያ ተሠርቷል፣ በኮንሶ በኩል የሚመጣው መንገድ አስፋልት ሆኗል፣ በታችኛው ኦሞ የኩራዝ ስኳር ፋብሪካዎች ተተክለዋል። በ2015 ዓ.ም. አዲሱ ክልል ሲመሠረት ጂንካ የክልሉ ቢሮዎች ከሚቀመጡባቸው ስድስት ከተሞች አንዷ እንድትሆን ተወስኗል። የአሪ ዞንም ራሱን ችሎ ተዋቅሯል።

የአቅርቦትና የፍላጎት ሀሁ የሚያውቅ ሁሉ ይህ ምን እንደሚያመጣ ይገባዋል። ቢሮ ሲመጣ ሠራተኛ ይመጣል፤ ሠራተኛ ሲመጣ የቤት ኪራይ ይጨምራል፤ ኪራይ ሲጨምር የቦታ ፍላጎት ይንራል፤ ደላላም ይበዛል። ለረጅም ጊዜ አውሮፕላን ሲያርፍበት የኖረውና ከተማዋ በዙሪያው ያደገችበት የሣር ሜዳ በመሃል ከተማ ያለ ቦታ ምን ያህል ውድ እንደሆነ የሚያስታውስ ነው። እንዲህ ያለ ቦታ መናፈሻ ይሁን፣ ገበያ ይሁን፣ ለጨረታ ይቅረብ የሚለውን በግልጽ ተከራክሮ መወሰን የሚገባው ከመራጩ አዲስ አደራ የተቀበለ ምክር ቤት ነው።

ቁጥሩም አሮጌ ነው። ከ1999ኙ ቆጠራ በኋላ ሊካሄድ የነበረው አራተኛው ቆጠራ በተደጋጋሚ ተራዝሟል። ስለዚህ ከተማዋ ከ1999 ወዲህ አልተቆጠረችም፣ ከ2005 ወዲህም ምክር ቤቷን አልመረጠችም። በጀት የሚመደበው፣ ውሃ የሚታቀደው፣ የመደብ ብዛት የሚወሰነው በግምት ነው ማለት ነው።

በዚህ ላይ የንብረት ታክስ አለ። የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የንብረት ታክስ አዋጁን ያጸደቀው በጥር 2017 ዓ.ም. ነው። አዋጁ ክልሎችና ከተሞች ከቦታና ከሕንጻ ታክስ እንዲሰበስቡ በር ከፍቷል። ሐሳቡ ክፋት የለውም። ከተማ ሲያድግ የቦታው ዋጋ የሚንረው በባለይዞታው ላብ ብቻ ሳይሆን በሕዝብ መንገድና መብራት ጭምር ነውና ከጭማሪው ለከተማው ቢመለስ ተገቢ ነው። ነገር ግን አዲስ ታክስ የሚከፍል ሰው አዲስ ጥያቄ ይጠይቃል። ግምቱን ማን ገመተው? ቅሬታዬን ማን ይሰማል? ገንዘቡ ምን ላይ ዋለ? ለእነዚህ ጥያቄዎች «የመረጥከኝ እኔ ነኝ፣ ልጠየቅ» ብሎ የሚቆም ሰው ከሌለ ታክሱ በሕግ ትክክል ሆኖ ሳለ በከፋዩ ዓይን ግብር ሳይሆን ቅጣት ይመስላል። አሰባሰቡም ያንኑ ያህል ይከብዳል።

እጩው ሲመጣ የሚጠየቀው

የአካባቢ ምርጫው ቀን የተቆረጠለት ዕለት የነበረውም አዲሱም እጩ ወደ ነጋዴው ደጃፍ መምጣቱ አይቀርም። «ከሞኝ ደጃፍ ሞፈር ይቆረጣል» እንዲሉ እንዳይሆን ጥያቄውን አስቀድሞ ማዘጋጀት ይበጃል። ድጋሚ ልመረጥ ለሚለው አባል አምስት ጥያቄዎች ይበቃሉ።

አንደኛ፦ ባለፈው በጀት ዓመት ከተማው ራሱ የሰበሰበው ገቢ ስንት ነው? ከዚያ ውስጥ ለደመወዝና ለነዳጅ የወጣው፣ ለመንገድና ለውሃ የወጣውስ? ይህን ሳያይ በጀት ያጸደቀ አባል እጁን ያወጣው በልማድ ነው።

ሁለተኛ፦ ስንት የንግድ ቦታ በጨረታ፣ ስንት በምደባ ተላለፈ? አዋጁ ጨረታን ዋና መንገድ አድርጎ ምደባን ለተወሰኑ ጉዳዮች ብቻ ፈቅዷል። ምደባው በዝቶ ጨረታው ካነሰ ያልተናገረው ነገር አለ። የሊዝ መነሻ ዋጋስ አዋጁ እንደሚለው ቢያንስ በየሁለት ዓመቱ ተከልሷል?

ሦስተኛ፦ አንድ የግንባታ ፈቃድ ከማመልከቻ እስከ ፊርማ በአማካይ ስንት ቀን ይወስዳል? መልሱን ካላወቀ የነጋዴውን ትልቁን ወጪ አያውቅም።

አራተኛ፦ የኦዲት ግኝት ለምክር ቤቱ ሲቀርብ ምን አደረገ? ገንዘብ ተመለሰ? ሰው ተጠየቀ? ወይስ «በቀጣይ ይስተካከል» ተብሎ ታለፈ?

አምስተኛ፦ በምክር ቤቱ ስብሰባ «አይሆንም» ያለበት አንድ ቀን ይንገረን። አንድም ከሌለ ወንበሩ ላይ የተቀመጠው ሰው ሳይሆን ካባው ነው።

የሥራ ማኅበር፣ የንግድ ምክር ቤት ወይም የገበያ ኮሚቴ ያላቸው ነጋዴዎች እነዚህን ጥያቄዎች በአንድነት በጽሑፍ ቢያቀርቡ የበለጠ ይሰማሉ። ለዘመቻ መዋጮ የሚጠየቅ ነጋዴም ደረሰኝ መቀበል እንዳይረሳ። ያለደረሰኝ የተሰጠ ብር ለእጩው ስጦታ፣ ለነጋዴው ደግሞ በኋላ መልስ የማይገኝለት ዕዳ ነው።

ቀኑ እስኪቆረጥ ድረስም ቢሆን መራጩ ባዶ እጁን አይደለም። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 12 ሕዝብ በተወካዩ ላይ እምነት ባጣ ጊዜ ከቦታው ሊያነሳው እንደሚችል ይደነግጋል። ይህ መብት እምብዛም አልተሠራበትም። ይሁን እንጂ አባሉን ጠርቶ ሪፖርት መጠየቅ፣ የጸደቀውን በጀት በግልጽ ይለጠፍልን ማለት፣ በምክር ቤቱ ስብሰባ ተገኝቶ ማዳመጥ የምርጫ ቦርድን መርሐ ግብር አይጠብቅም።

በጂንካ የሚፈረም አንድ የንግድ ቦታ ውል የሚያበቃው የዛሬ ሰባ ዓመት ነው። እስከዚያ ድረስ በሕጉ መሠረት አሥራ አራት ጊዜ «ድጋሚ ይሁን ወይስ ይብቃ?» መባል ነበረበት። ሊዙን በየዓመቱ ከነወለዱ የሚከፍለው ነጋዴ ይህንንም ድምፅ እንደ ውሉ አንድ አንቀጽ ቆጥሮ ሊጠይቅ ይገባዋል።